ከእጅ ወደ እጅ የምትዞረው ፋይል

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የፋየርፎክሱን ፎቶ ላከልኝ። ታቦቹ ከአድራሻ መጻፊያው በታች ወርደዋል፤ የአማርኛ ርዕሶችም ጎላ ብለው ይነበባሉ። «ቲቸር፣ አንድ የማላውቀው ሰው ያካፈለው ነው። ጥቂት መስመር ጽሑፍ ብቻ እኮ ነው! እንዴት ሊሆን ቻለ?» አለኝ። መልሱ ከሃያ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ስለሚወስድ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ኔትስኬፕ እ.ኤ.አ. በማርች 1998 የብሮውዘሩን ኮድ ለሕዝብ ክፍት አደረገ፤ የሞዚላ ፕሮጀክትም ከዚያ ተወለደ። የሞዚላ ሰዎች ሜኑውንም፣ ታቡንም፣ በተኑንም ድረ ገጽ በሚሠራበት ዓይነት ዘዴ ሠሩት። አወቃቀሩ ዙል በሚባል ቋንቋ፣ መልኩ ደግሞ በሲኤስኤስ ተጻፈ። አንዱ ጥቅሙ ያው ሥራ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም መሄዱ ነበር። ሌላው ደግሞ ድረ ገጽ ማስዋብ የሚችል ሰው ብሮውዘሩንም ማስዋብ መቻሉ ነው።

ፋየርፎክስ 1.0 በኖቬምበር 2004 ሲወጣ ይህ በር ክፍት ነበር። ሰዎች ከአዶው እስከ ታቡ ቅርጽ ሁሉን የሚቀይር ቲም እየሠሩ በነፃ አካፈሉ። ግን ድካም ነበረው፤ ቲሙ የብሮውዘሩን ሆድ ዕቃ ስለሚነካ አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር ሊበላሽ ይችላል። ሠሪው ያለ ክፍያ እንደገና ይጠግናል፣ ወይ ሰልችቶት ይተወዋል።

በጃንዋሪ 2010 የወጣው ፋየርፎክስ 3.6 ፐርሶና የሚባለውን ቀላል ቲም አብሮት ይዞ መጣ። ከላይ ምስል ማልበስ ነው፤ ምስል ያለው ሁሉ ይሠራዋል። የጉግል ክሮም ቲሞችም እንዲሁ በምስልና በቀለም የተወሰኑ ናቸው። ቤቱን ቀለም መቀባት ይቻላል፣ ግድግዳ ማንቀሳቀስ ግን አይቻልም።

በኖቬምበር 2017 ፋየርፎክስ 57 ሲመጣ የድሮዎቹ ሙሉ ቲሞች መሥራት አቆሙ። ምክንያቱ ቀልድ አልነበረም፤ ፍጥነት፣ ደኅንነት፣ የብሮውዘሩን ውስጥ ያለ ስጋት ማደስ መቻል። ያም ሆኖ ሰዎች ለዓመታት በትርፍ ጊዜያቸው የሠሩት ሥራ በአንድ አፕዴት ቀረ።

አንዲት ፋይል ግን ተረፈች። ስሟ ዩዘርክሮም ነው፤ የምትቀመጠውም በተጠቃሚው ፕሮፋይል ውስጥ ክሮም በሚባል ፎልደር ነው። ይህ ክሮም የጉግሉ እንዳይመስላችሁ። በሙያው ቋንቋ የብሮውዘሩ የውጭ ክፈፍ ማለት ነው፣ ቃሉም በ2008 ከወጣው የጉግል ብሮውዘር ይቀድማል። ከፋየርፎክስ 69 (2019) ወዲህ ፋይሏ እንድትሠራ ተጠቃሚው ራሱ ከተደበቁት ማስተካከያዎች ውስጥ ገብቶ መፍቀድ አለበት። እንዲያም ሆኖ ሰዎች እስካሁን እየገለበጡ ይቀባበሏታል። የተማሪዬም ጥቂት መስመሮች እሷው ናቸው።

እኔን የሚገርመኝ የተረፈው ነገር ዓይነት ነው። ምስል የሰጠህ ሰው ውበቱን ሰጠህ። ጽሑፉን የሰጠህ ግን አሠራሩንም ሰጠህ። የፊደሉን መጠን የሚወስነው ቁጥር ፊት ለፊት ተጽፏል፤ ቀይረኸው ምን እንደሚሆን ታያለህ። ተማሪዬም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሠሪው ለላቲን ፊደል የመረጠው መጠን ለእኛ ፊደል ስላነሰው ራሱ ከፍ አደረገው።

ሁለት ነገር ብቻ አደራ። ሳታነቡ አትገልብጡ፤ አንድ አፕዴት ካበላሸውም ፋይሏን አውጥታችሁ ብሮውዘሩን እንደገና ክፈቱ፣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስታካፍሉ ደግሞ ለየትኛው ስሪት እንደሆነና እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ ጎኑ ላይ ጻፉበት። የድሮዎቹ ቲሞች ሠሪያቸው ሲተዋቸው ብዙ ጊዜ አብረው ሞቱ። ሌላ ሰው የገባው ጽሑፍ ግን ወራሽ አለው።

አንተስ ልጄ፣ ያስተካከልካትን ለማን አካፈልክ?