«ነፍሲያዎ ናት»፦ የአንድ ቃል ታሪክ ከካዛንቺስ መፍረስ ማግስት

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲዛወር፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ምክር ፈልገው ወደ አንድ ኡስታዝ መጡ። ስለ ቤታቸው እያወሩ አለቀሱ። ኡስታዙ በቅን ልቦና «እናቴ፣ ይህች ነፍሲያዎ ናት፤ ዱንያን እያስወደደችዎ ነው» አሏቸው። እናት አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። በስፍራው ነበርኩ፤ ምንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ የቃሉን ታሪክ ስከታተል ቆይቻለሁ።

የዐረብኛው «ነፍስ» እና የግእዙ «ነፍስ» የአንድ ሴማዊ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። በአማርኛ ግን ነፍስ ክፉ ስም የለባትም፤ ሕፃን አድጎ ነፍስ ያውቃል፣ ሴት ነፍሰ ጡር ትሆናለች። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ሙስሊም በምኞት የምትገፋፋዋን ለይቶ ለመጥራት «ነፍሲያ» የሚል ስም ያዘ። በዐረብኛ አንድ የነበረው ቃል በእኛ አንደበት ለሁለት ተከፈለ። መለየቱ ለተማሪ ይጠቅማል፤ ጉዳቱ ደግሞ ነፍሲያ የተባለችው ሁሉ ያለ ምርመራ ጠላት ሆና መቅረቷ ነው።

ቁርኣን ግን ነፍስን በሦስት ሁኔታ ያነሣታል፦ በሱረቱ ዩሱፍ (12፡53) በክፉ የምታዝ፣ በሱረቱል ቂያማ (75፡2) ራሷን የምትወቅስ፣ በሱረቱል ፈጅር (89፡27) የረጋች። የምታዘውም የምትወቅሰውም የምትረጋውም ያችው ነፍስ ናት። በ1961 ዓ.ም. የታተመው የሸይኽ ሰዒድ ሙሐመድ ሳዲቅና የሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የአማርኛ ትርጉምም በእነዚህ ስፍራዎች «ነፍስ» በሚለው ቃል ጸንቷል። ተርጓሚዎቹ የቃሉን አንድነት መጠበቃቸው፣ በእኔ ግምት፣ ከሥራቸው ውለታዎች አንዱ ነው።

ኢማም አል-ገዛሊ (505 ዓ.ሂ.) ከኢሕያእ አርባ ክፍሎች በሃያ አንደኛው ላይ ይህንኑ ያብራራሉ። ነፍስ በአንድ ፍቺዋ ቁጣንና ስሜትን የያዘች ኃይል ናት፤ መታገል ያለባት እርሷ ናት። በሌላው ፍቺዋ ግን ራሱ የሰው ማንነት፣ ጌታውን የሚያውቅበት ረቂቅ ነገር ናት። በቅርቡ አንዳንድ መምህራን ነፍሲያን «ኢጎ» ብለው ሲተረጉሙ እሰማለሁ። ፍሮይድ በ1923 እ.ኤ.አ. ያብራራው «እኔ» ግን በምኞትና በገሃዱ ዓለም መካከል የሚያስታርቅ እንጂ ራሱ ምኞቱ አይደለም። ቃሉ ለጉዳያችን ብዙም አይረዳም።

ይልቅ የሚረዳው ሠላሳ ስምንተኛው ክፍል ነው። እዚያ ገዛሊ ሙሐሰባን በንግድ ሸሪክ ይመስሉታል፤ ሰው ጠዋት ከነፍሱ ጋር ውል ይይዛል፣ ቀኑን ይከታተላታል፣ ማታ ሒሳብ ያስቀርባታል። በቂርቆስ ሱቅ የከፈተ ሁሉ ምሳሌው ወዲያው ይገባዋል። ሒሳቡ የራስ ሒሳብ ነው፤ የጎረቤትን መዝገብ ገልጦ ኪሳራ የሚቆጥር ሰው በምሳሌው ውስጥ የለም።

የሰው ነፍስ በሌላ ሰው የምትመረመርበት ልማድ በአገራችን አልነበረም ማለቴ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጌታው ሰይድ ቡሽራ በወሎ ያስፋፉት የሰማኒያ ጠሪቃ ከኸልወቲያ የወጣ ነው፤ ኸልወቲያ ደግሞ ነፍስን በሰባት ደረጃዎች ያሠለጥናል። የታሪክ ምሁሩ ዶክተር ሑሴን አሕመድ ስለ ወሎ እስልምና በጻፉት ጥናት የእነዚህን ሸይኾች ሥራ ዘርዝረዋል። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ሸይኹ ስለ ሙሪዱ ነፍስ የሚናገረው ቃል ኪዳን ተቀብሎ፣ ዚክሩንና ኸልዋውን ለረጅም ጊዜ ተከታትሎ፣ ሰውየውን ካወቀ በኋላ ነው። ቃሉ ወደ ከተማ መጣ፤ አብሮት የነበረው ትውውቅ ግን ከመንገድ ቀረ። ለዚህ ይመስለኛል በአንድ የምክር ሰዓት ውስጥ «ነፍሲያዎ ናት» ለማለት የምንደፍረው።

ካዛንቺስም ስሟን ያገኘችው ከጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933) ነው፤ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ተቋም ምሕጻረ ቃል፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ»። የባዕድ ሹማምንት መኖሪያ ተብሎ የተጀመረ ሰፈር ሰው የሚያለቅስለት አገር ሆነ። ይህን የሠሩት ሰማንያ ዓመት ሙሉ አብረው ያፈጠሩ፣ አብረው የቀበሩ ጎረቤቶች ናቸው። ልቅሶው የግድግዳ ልቅሶ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን እናስታውስ። ሙሃጂሮች መዲና እንደ ገቡ አቡ በክርና ቢላል በንዳድ ታመሙ። እናቱ ሐበሻ የሆነችው ቢላል፣ ለአሐድነት ሲል በጋለ አሸዋ ላይ የተሰቃየው ቢላል፣ ትኩሳቱ ረገብ ባለለት ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ መካ ሸለቆ፣ ስለ ሣሯ፣ ስለ ውኃዋና ስለ ተራሮቿ ይናፍቅ ነበር። የተሰቃየባትን ከተማ! ዓኢሻ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሯቸው። እርሳቸው ቢላልን በዱንያ ወዳድነት አልወቀሱም። መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በላይ ተወዳጅ እንዲያደርግላቸው፣ አየሯንም ጤናማ እንዲያደርግ አላህን ለመኑ።

ከወራት በኋላ እናትን በአዲሱ መኖሪያቸው ፈልጌ አገኘኋቸው። ጋራ መኖሪያ ቤት ነው፤ ደረጃው ለጉልበታቸው ከብዷቸዋል። የቢላልን ነገር አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ሣሩ ምን የሚባል ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ኢዝኺር እንደሚባልና ደስ የሚል ሽታ እንዳለው ነገርኳቸው።

«የእኔ በር ላይ ጤና አዳም ነበረች» አሉ።