ከጡብ ፋብሪካ ሐዲድ እስከ እንጅባራ መንገድ

ጊዜው 1944 እ.ኤ.አ. ነው። ሃንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ፓል ቱራን አይሁዳዊ በመሆኑ ለግዳጅ ሥራ ተይዞ፣ ቡዳፔስት አቅራቢያ ባለ ጡብ ፋብሪካ ጋሪ ይገፋል። ከእያንዳንዱ እቶን ወደ እያንዳንዱ ማከማቻ ሐዲድ ተዘርግቷል። ጋሪው ደህና ይሄድና አንዱ ሐዲድ ሌላውን ሲያቋርጥ ከመስመሩ ይወጣል፤ ጡቡም ይበተናል። እንግዲህ የመስቀለኞቹ ቁጥር እስከ ስንት ድረስ ሊቀነስ ይችላል? ቱራን ይህን ጥያቄ ከጦርነቱ በኋላም አልተወውም።

በ1952 ፖላንድ ሄዶ ለባልደረቦቹ አወያየ። ከእነሱ አንዱ፣ ካዚሚየርዝ ዛራንኪየቪች፣ መልሱን የሚሰጥ ቀመር አገኘሁ ብሎ አሳተመ። ለአሥር ዓመት ገደማ ሁሉም አመነው፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ግን ሪንጌልና ካይነን፣ በየፊናቸው፣ ማስረጃው ላይ ክፍተት አገኙ። ቀመሩን ያፈረሰው የለም፤ ሙሉ ለሙሉ ያረጋገጠውም የለም።

ነገሩን ወደ አዊ ዞን ከተሞች ላምጣው። ዛሬ ቲሊሊን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ዳንግላን የሚያገናኘው ያው የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር አውራ ጎዳና ነው፤ ወደ ቻግኒ የሚሄደው ከእንጅባራ ይገነጠላል። እነዚህ አምስት ከተሞች እያንዳንዳቸው ከሌሎቹ ሁሉ ጋር በቀጥታ ይገናኙ ቢባል 10 መንገድ ያስፈልጋል። መሐንዲሱ የቱንም ያህል ቢያጠማዝዝ አንድ መስቀለኛ አይቀርለትም። ከ10ሩ አንዱን፣ የትኛውንም፣ ቢሰርዝ ግን መስቀለኛው ይጠፋል። ግምጃ ቤትን ስድስተኛ ብናደርግ መንገዱ 15፣ መስቀለኛው ቢያንስ 3 ይሆናል፤ አንዱ መንገድ ሲሰረዝ 2 ይቀራል።

እስካሁን ቅነሳው ልከኛ ነው። የሚያስገርመው ሌላ ነው፦ ሚሊዮን መስቀለኛ የግድ የሚሉ፣ አንዲት መስመር ስትነሳላቸው ግን ያለ አንዳች መስቀለኛ የሚሣሉ መረቦች (ነጥቦችና የሚያገናኟቸው መስመሮች) አሉ። እንዲህ ያለው መረብ ሁሉንም ነገር በአንዲት መስመር ላይ አንጠልጥሏል ለማለት ይቃጣል። አይደለም። ብሩስ ሪችተርና ካርስተን ቶማሰን በ1993 እንዳረጋገጡት፣ በየትኛውም መረብ ውስጥ ብትነሳም ከመስቀለኞቹ ቢያንስ በግምት ከአምስት ሁለት እጁን ሳታጠፋ የምትተው መስመር ትገኛለች፤ መረቡ በጣም ትንሽ ካልሆነ በቀር። እነሱ ራሳቸው ግን ከዚህ የበለጠ ጠብቀዋል። ግምታቸው ስትነሳ የምታጠፋው መስቀለኛ ከጠቅላላው የመስቀለኞች ቁጥር ስኩዌር ሩት ጋር ብቻ የሚመጣጠን መስመር ሁልጊዜ አለች የሚል ነው፤ የ10,000 ስኩዌር ሩት ደግሞ 100 ብቻ ነው። ከአምስት ሁለት እጁ ይተርፋል ከሚለው ማረጋገጫ እስከዚህ ግምት ድረስ ያለው ርቀት ሰፊ ነው።