አንድሮይድና አይፎን በጉርድ ሾላ

ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ አያት የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና የሚከተል መንገደኛ፣ በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር በጉርድ ሾላ ስም የሚጠሩ ሁለት ጣቢያዎች እንዳሉት ያውቃል፤ ከእነዚህም ጣቢያዎች ግራና ቀኝ፣ ከሴንቸሪ ሞል አካባቢ ጀምሮ ወደ ጃክሮስና ወደ ሳሊተ ምሕረት እስከሚወስዱት መታጠፊያዎች ድረስ፣ በመስታወት ሣጥናቸው ውስጥ አሮጌና አዲስ የስልክ ቀፎ የደረደሩ፣ በግድግዳቸው ላይ ቻርጀርና ከቨር ያንጠለጠሉ ትናንሽ ሱቆች ከዓይኑ አይርቁም። የስልክ ንግድ መናገሻ መርካቶ እንጂ ጉርድ ሾላ አለመሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም የመሥሪያ ቤቱ ሹም፣ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ደጃፍ የሚመላለሰው ሯጭ፣ የቀን ሠራተኛውና ልጆቿ ባሕር ማዶ ያሉባት እናት በአንድ መንገድ የሚተላለፉበት ሰፈር በመሆኑ፣ አንድሮይድና አይፎን የተባሉት ሁለቱ የስልክ ወገኖች ወደ ሀገራችን የገቡባቸውን ሁለት ልዩ ልዩ በሮች አንድ ላይ ለማየት የሚመች ስፍራ ነው፤ አንደኛው በነጋዴ እጅ፣ ሁለተኛው በዘመድ ሻንጣ ገብቷልና።

ስልክ ራሱ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ የሌለ ሰው ድምፅ ከሣጥን ሲወጣ የሰሙ ካህናት ነገሩን የርኩስ መንፈስ ሥራ አድርገው በመቁጠር ከቤተ መንግሥት እንዲወገድ እንደ ጠየቁ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ልመናቸውን እንዳልተቀበሉ ሲተረክ ኖሯል። በ19ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው ሽቦ 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ከዚያ በኋላ፣ በጥቅምት 1945 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመም ወዲህ እንኳ፣ ለብዙ ዘመን ሰው የሚጨነቀው መስመር ስለ ማግኘት እንጂ ስለ ቀፎው ዓይነት አልነበረም። ምርጫ የሚባለው ነገር የመጣው ተንቀሳቃሽ ስልክ በሚያዝያ 1991 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ሞባይል በወገብ ላይ ታጥቆ መታየት ራሱ ማዕረግ ነበርና፣ የያዘውን ሰው «ምን ዓይነት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነበር።

የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ ኖኪያ ሆነ። በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ኖኪያ 1100 በእኛ ዘንድ የተወደደበትን ምክንያት ለማወቅ መብራት የጠፋበትን ምሽት ማስታወስ ይበቃል፤ በአናቱ ላይ መብራት ነበረው፣ ባትሪው አንድ ጊዜ ተሞልቶ ለቀናት ይቆይ ነበር፣ ወድቆም አይሰበርም ነበር። ሌሊት ለማኅሌት፣ ገና ሳይነጋም ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ምእመናን በዚያች ትንሽ ብርሃን ጉድጓዱን እየለዩ ይራመዱ የነበረው፣ በእጃቸው የያዙት የመነጋገሪያ ዕቃ መሆኑን እስኪዘነጉ ድረስ ነበር። ተጠቃሚው ከሁሉ አስበልጦ የሚሻው ምን እንደሆነ ለማወቅ ዛሬ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ብዙ ገንዘብ ያፈሳሉ፤ የእኛ ሰው ግን መልሱን ያን ጊዜውኑ ሰጥቶ ነበር፤ ይኸውም የሚቆይ ባትሪ፣ የሚበራ መብራት፣ የማይሰበር አካል ነው።

በዚህ መካከል፣ በጥር 1 ቀን 1999 ዓ.ም፣ እኛ ልደትን ባከበርን በሁለተኛው ቀን፣ ስቲቭ ጆብስ በሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ወጥቶ የመጀመሪያውን አይፎን ለዓለም አሳየ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በዚያች ዕለት በኢትዮጵያ በሞባይል አጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ አይቻልም ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም ምርጫ በኋላ የተዘጋው ይህ አገልግሎት እስከ አዲሱ ሚሌኒየም መባቻ፣ እስከ 2000 ዓ.ም ድረስ ሳይከፈት ቆይቷል። ሌላው ዓለም በጣት ዳሰሳ ስለሚታዘዝ ስልክ ሲደነቅ፣ የእኛ ወጣት «ሚስኮል» በማድረግ ብቻ ቀጠሮውን ያስታውስ ነበር። በመስከረም 2001 ዓ.ም ደግሞ ጉግል አንድሮይድን የያዘውን የመጀመሪያ ስልክ፣ ኤችቲሲ የሠራውን፣ አስተዋወቀ። ኖኪያ ይዞት የነበረው ሲምቢያን፣ ብላክቤሪና ኋላ የመጣው ዊንዶውስ ፎን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመድረኩ ወረዱ፤ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ከእነዚህ ከሁለቱ ማንኛው በእኛ ሀገር እንደሚበረታ ከወሰኑት ነገሮች ቀዳሚውን ስፍራ የምሰጠው ለፊደል ነው። የግእዝ ፊደል ከብረት ጋር ያለው ታሪክ ረጅም ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን በሮም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ያሳተመው እ.ኤ.አ በ1513 ነበር፤ መሐንዲስ አያና ብሩ ደግሞ ከጠላት ወረራ በፊት ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት ደክመዋል፤ በኋላም ዶክተር አበራ ሞላ በአሜሪካ ተቀምጠው ግእዝን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ብዙ ለፍተዋል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በሦስተኛው ዕትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን የተቀበለው በ1992 ዓ.ም መባቻ፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ስልክ አዲስ አበባ በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ነበር። መዝገቡና ስልኩ ግን ወዲያው አልተገናኙም። ለብዙ ዓመታት ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል ሲጽፍ፣ «ጠ»ና «ተ»፣ «ቀ»ና «ከ» እየተምታቱበት ኖረ፤ በፊደላችን የተላከ መልእክት የደረሰው ሰው ደግሞ በስልኩ መስታወት ላይ የሚያየው የባዶ ሣጥን ሰልፍ ብቻ ነበር።

አንድሮይድ ይህን ችግር ቀድሞ አቃለለ። ከ2004 ዓ.ም ወዲህ በወጡት ትውልዶቹ ፊደላችን እየታየ መጣ፤ የሀገር ልጆች የሠሯቸው የአማርኛ መጻፊያ ገበታዎችም በማንኛውም ስልክ ላይ ለመጫን የከለከላቸው አልነበረም። አፕል ግን እስከ መስከረም 2007 ዓ.ም ድረስ ከራሱ ገበታ በቀር የሌላ ሰው ገበታ በስልኩ ላይ እንዲሠራ አልፈቀደም። ስለዚህ የአይፎን ባለቤት አማርኛ ለመጻፍ ሲሻ፣ ለዚሁ የተዘጋጀ አፕልኬሽን ከፍቶ፣ እዚያ ጽፎ፣ ገልብጦ፣ ወደሚፈልገው ስፍራ ወስዶ መለጠፍ ነበረበት፤ ባለ ውድ ስልኩ «እንዴት አደርክ» ለማለት ከባለ ርካሹ ይልቅ መድከሙ እውነት ነው። ጊዜው ሲያልፍ አፕል የራሱን የአማርኛ ገበታ አሰናድቷል። ልማድ ግን ከዚያ አስቀድሞ ሥር ሰዶ ነበር።

በነጋዴው በር የገባው የአንድሮይድ ስልክ በአብዛኛው የቻይና ሥራ ነው። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የሚባሉት ሦስቱም የትራንሽን ኩባንያ ልጆች ሲሆኑ፣ ኩባንያው ቀፎዎቹን በኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠም የጀመረው እ.ኤ.አ በ2011 ነው። የአማርኛ መጻፊያ ገበታ አሰናዳ፤ የጥቁር ሰው መልክ በፎቶግራፍ ላይ ጠቁሮ እንዳይጠፋ ካሜራውን አስተካከለ፤ ባትሪውን አገዘፈ፤ ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ አደረገው። በሀገሩ የነበረው የስልክ ድርጅት አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ ሁለት ሲም ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ መልሱን ግን ከነጋዴውና ከደላላው ማግኘት ይቻላል፤ አንዱ ቁጥር ለሥራ፣ ሌላው ለቤት ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሥራ በጀመረ ጊዜ፣ በ09 የሚጀምረውን ቁጥር ሳይለቅ በ07 የሚጀምረውን ለመያዝ የሚያስችል ሁለተኛው ቤት በብዙው ሰው ስልክ ውስጥ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ቆየው።

ይሁን እንጂ፣ በእኔ ፍርድ፣ አንድሮይድን የሕዝብ ያደረገው ከዚህ ሁሉ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ነው። ኢንተርኔት ውድና ዘገምተኛ በነበረበት ዘመን አፕልኬሽን ከመደብሩ ማውረድ የሚችለው ጥቂቱ ነበር፤ ብዙው ሰው ሚሞሪ ካርዱን ይዞ ወደ ሱቅ እየሄደ ዘፈን፣ መዝሙር፣ ስብከትና አፕልኬሽን ያስጭን ነበር፤ ወይም ጎን ለጎን ተቀምጦ በሼርኢትና በዘንደር ከጓደኛው ስልክ ወደ ራሱ ያሻግር ነበር። አይፎን ሚሞሪ ካርድ አይቀበልም፤ አፕልኬሽንም ከራሱ መደብር በቀር ከሌላ እንዲገባበት አይሻም። በሠሪው በኩልም ልዩነቱ ያው ነው፤ የእኛ ወጣት ሥራውን በጉግል መደብር ለማኖር የሚጠየቀው አንድ ጊዜ 25 ዶላር ሲሆን፣ በአፕል ዘንድ በየዓመቱ 99 ዶላር ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ባልነበረው ተማሪ ዘንድ ይህ ሩቅ መንገድ ነበር። በዚህም ምክንያት ውዳሴ ማርያሙ፣ ስንክሳሩ፣ ግጻዌውና በባሕረ ሐሳብ ስሌት አጽዋማትን የሚያሳየው የቀን መቁጠሪያ አስቀድመው የበዙት በአንድሮይድ ላይ ነው። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ስልኩን በቆዳ ሽፋን ከቶ፣ እንደ ዳዊት ከማኅደሩ እያወጣ የሚጸልይ ምእመን ሲታይ የሚገሥጹት አሉ፤ አንዲት መልእክት በጸሎቱ መካከል ብቅ ስትል ልቡን እንደምትወስደው አውቃለሁና፣ ገሣጮቹን ፈጽሞ ስተዋል አልልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው በር እንመለስ። አይፎን ከዋሺንግተን፣ ከሚኔሶታ፣ ከዱባይና ከቤይሩት በዘመድ ሻንጣ፣ ከልብስና ከሽቶ መካከል ተጠቅልሎ መጣ። በአሜሪካ የሚኖረው ወንድም አዲስ ሲገዛ አሮጌው ወደ ሀገር ቤት ይላካል፤ ይኸም ሲሸጥ «ስላሽ» ይባላል። በጉርድ ሾላ ሱቆች ስላሽ አይፎን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባትሪው ስንት ፐርሰንት ነው?» ብሎ ነው፤ ሻጩም የቅንብሩን ገጽ ከፍቶ ቁጥሩን ያሳየዋል፤ ቀጥሎ «ስንት ጊጋ ነው?»፣ ከዚያም የፊት ካሜራው፣ በመጨረሻ «ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም?» የሚለው ይመጣል። በኖኪያ ዘመን ባትሪን ያስቀደመ ሕዝብ ዛሬም፣ በሺህ ብር ሲገዛ የነበረውን ትቶ በብዙ አሥር ሺህ ብር ሲገዛ፣ ባትሪን ያስቀድማል።

ከጥገና ሱቆቹ በአንዱ ያየሁትን ላንሣ። ጠባብ ጠረጴዛ፣ የስክሪን ሙጫ የሚያላቅቅ የጋለ ሰሌዳ፣ ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ፣ በማግኔት ምንጣፍ ላይ በተርታ የተቀመጡ ከሩዝ ቅንጣት ያነሱ ብሎኖች። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት አይፎናቸውን ለጠጋኙ ዘረጉለት።

«እማማ፣ ይኼ ስልክ በልጅዎ ስም ታስሯል፤ እሷ ካልፈታችው እኔ አልፈታውም።»

«ገዝታ የላከችልኝ እኮ እሷው ናት ልጄ።»

«ለዚያ እኮ ነው ስሟን ይዞ የመጣው። ይደውሉላትና ኮዱን ትንገረን።»

ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር፤ የአሜሪካ በጋ በመሆኑ፣ ልጃቸው ባለችበት በዋሺንግተን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እናትየው ልጃቸውን ከእንቅልፏ ሊቀሰቅሱ አልወደዱም፤ ስልኩን በመሐረባቸው ጠቅልለው ማታ ሊመለሱ ሄዱ። አፕል ይህን ቁልፍ በመስከረም 2006 ዓ.ም ያመጣው ሌባን ለመከላከል ነው፤ በእርግጥም የተሰረቀ አይፎን ከመለዋወጫነት በቀር ለሌባው ብዙ አይጠቅመውም። ነገር ግን ቁልፉን የሠሩት ሰዎች፣ የስልኩ ገዢና የስልኩ ባለቤት ሁለት ሰዎች፣ ያውም በሁለት አህጉር የሚኖሩ ሰዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ያሰቡ አይመስለኝም።

ዘመዳሞቹን የሚያገናኛቸው ነገር ራሱ ከሁለቱ ከአንዳቸውም አይደለም። ፌስታይም የአፕል በመሆኑ በሀገር ቤት ቴክኖ የያዘችውን እኅት በቀጥታ ሊጠራት ስለማይችል፣ በባሕር ማዶ ያለው ሁሉ ቫይበር፣ ኢሞ፣ ዋትሳፕና ቴሌግራም ጫነ። በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያው ቴሌብርም በግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ተጀምሮ ለሁለቱም ወገን አፕልኬሽን አቀረበ፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዘውም *127# አስቀረለት። ስለዚህ የዛሬው የጉርድ ሾላ ሰው ለመገበያየትም ሆነ ለመነጋገር የግድ አይፎን አያስፈልገውም። የአይፎኑ ካሜራ ያማረ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ከኩባንያው እድሳት አይቋረጥበትም፤ ክብርም ያሰጣል። በገንዘቡ የሚገዛ ሰው ግን፣ ባትሪውን፣ ሁለት ሲሙን፣ ፊደሉንና በየሱቁ በርካሽ የሚገኘውን መለዋወጫ መዝኖ አንድሮይድ ቢወስድ አልተታለለም።

በባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖቻችን ሆይ፣ ለእናታችሁ አይፎን ስትልኩ፣ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት አካውንታችሁን ከስልኩ አውጡ፤ አማርኛውን ገበታ ጫኑበት፤ ለአሜሪካ ድርጅት ብቻ የተቆለፈ ከሆነም አስከፍታችሁ ላኩ።