የክርስትና ስጦታ አመራረጥ በወላይታና በሁምቦ
ስለ አበልጅነት ታሪክ

ሕፃን በሚጠመቅበት ቀን የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት የሚሰጡት ስጦታ ምን ዐይነት መሆን ይገባዋል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የቤተ ሰብ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በሀገራችን የስጦታው ዐይነት የሰጪውንና የተቀባዩን ደረጃ፣ የምድሩን ጠባይና የመንግሥቱን ሁኔታ ተከትሎ ሲለዋወጥ የኖረ ስለ ሆነ፣ የታሪክ ተመልካች ችላ ሊለው የሚገባ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በወላይታ፣ በተለይም ከሶዶ በስተ ደቡብ ወደ አባያ ሐይቅ ቆላ በሚወርደው በሁምቦ ወረዳ አንጻር እንመለከተዋለን።

አስቀድሞ ሥርዐቱን ማስታወስ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቃሉ። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ስለሚናገር ቍጥሩ ከዚያ ጋር ተያይዞ ይተረጐማል። ወንዱን ወንድ፣ ሴቲቱን ሴት ክርስትና ታነሣለች። ካህኑ አጥምቆ ሜሮን ይቀባል፣ ማተብ ያስራል፣ የክርስትና ስምም ይሰይማል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወላጆቹና ክርስትና ያነሣው ሰው አበልጅ ይባባላሉ። ፍትሐ ነገሥት በክርስትና በተዛመዱት መካከል ጋብቻን ስለሚከለክል፣ ዝምድናው የአፍ ብቻ ሳይሆን የሕግም ዝምድና ነው። እንግዲህ የጥምቀቱ ስጦታ ለእንግዳ የሚደረግ ቸርነት ሳይሆን ለልጅ የሚቈረጥ ድርሻ ሆኖ መታየቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

በልማድ ስጦታው በሦስት ወገን ሊከፈል ይችላል። አንደኛው ሕፃኑ ከጥምቀት ሲወጣ የሚለብሰው ነጭ ልብስ ነው። ሁለተኛው በማተቡ ላይ የሚንጠለጠል መስቀል ሲሆን፣ ባለጠጎች ከብር ያሠሩት ነበር፤ 28 ግራም ያህል የሚመዝነው የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብርም በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ መስቀልና ጌጥ ይሆን ነበር። ሦስተኛው ከብት ነው፤ ይኸውም እንደ ሰጪው ዐቅም ጊደር ወይም በግ ይሆናል። ልብሱ ያልቃል፤ መስቀሉ ይቀመጣል፤ ጊደሪቱ ግን ትወልዳለች። በገጠር ከሁሉ ይልቅ ጊደር የምትከበረው ከሕፃኑ ጋር አብራ የምታድግ ሀብት ስለ ሆነች ነው።

በነገሥታት ዘንድ ስጦታው ከዚህ እጅግ የላቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ826 የፍራንኮች ንጉሠ ነገሥት ሉዊ የዴንማርኩን መስፍን ሐራልድን ክርስትና ባነሣ ጊዜ ልብሰ ክብርና በፍሪስያ ምድር ግዛት ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ878 የእንግሊዙ ንጉሥ አልፍሬድ ድል ያደረገውን ጉትሩምን ክርስትና አንሥቶ፣ 12 ቀን በእንግድነት አኑሮ በስጦታ አክብሮታል። ከዚህ 1000 ዓመት በኋላ፣ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ቀጥሎ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎውን መሐመድ ዓሊን ክርስትና አንሥተው ሚካኤል አሰኙት፤ የራስነትንም ማዕርግ ሰጡት። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ደግሞ አባ ዋጠውን ክርስትና አንሥተው ኃይለ ማርያም አሰኙት። የለቃ ነቀምቴው ገዥ ኩምሳ ሞረዳም ምኒልክ ክርስትና አንሥተውት ገብረ እግዚአብሔር ተብሎአል።

በእነዚህ ምሳሌዎች ሁሉ አንድ ነገር ይታያል። ስጦታው ማዕርግና ግዛት ቢሆንም፣ ከእርሱ ጋር አብሮ የሚመጣው ታዛዥነት ነው። የክርስትና ልጅ በክርስትና አባቱ ላይ ጦር ማንሣት ነውር ስለ ሆነ፣ ሰጪው በስጦታው ሰላሙን ይገዛል፤ ተቀባዩም ሥልጣኑን በከፊል ያድናል። ስለዚህ የስጦታው ትልቅነት የፍቅር መለኪያ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ወደ ወላይታ ስንመለስ፣ የአገሩ አፈ ታሪክ ክርስትናን ከሞቶሎሚና ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ጋር ያያይዘዋል። የኋለኛው ዘመን ታሪክ ግን የሚጀምረው በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ሠራዊት ካዎ ጦናን ድል አድርጎ በያዘ ጊዜ ነው። በዘመቻው አብሮ የነበረው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄይም የጦርነቱን ጭካኔ በዐይኑ አይቶ ጽፎታል። ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ ሰፈረ፤ አብያተ ክርስቲያናት ታነጹ፤ ገበሬውም ለሰፋሪው ገባር ሆነ።

በዚህ ሁኔታ የአበልጅነት ትርጕም መለወጡ የማይቀር ነበር። ገባሩ ልጁን ክርስትና የሚያነሣለት ሰው ሲፈልግ ከእኩያው ይልቅ ጌታውን ወይም ሹሙን ቢመርጥ ምክንያት አለው። አበልጅ የሆነ ጌታ በፍርድ አደባባይ ይናገርለታል፣ በግብር ጊዜም ይራራለታል ተብሎ ይታሰባልና። ነገር ግን ጌታው አንድ ቀን የሰጠውን ልብስ፣ ገባሩ በየዓመቱ በዓል ሙክትና ማር እያቀረበ ቢመልሰው፣ ስጦታው ተገልብጦ ሌላ ግብር ይሆናል። በእኩዮች መካከል ዝምድናን የሚያጸና ልማድ፣ በጌታና በገባር መካከል ሲሆን ዕዳን ሊያጸና ይችላል። የገባርነት ሥርዐት ቀርቶ፣ በመጨረሻም በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የባለ መሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ሲፈርስ፣ ይህ ዐይነቱ አበልጅነት መሠረቱን አጣ።

የሁምቦ ገበሬ ራሱ ስለ ከብት የሚያስብበት መንገድ ለዚህ ጥያቄ ታላቅ ብርሃን ይሰጣል። በወላይታ ሀራ የሚባል የከብት ማርቢያ ውል አለ። ባለ ከብቱ እንስሳውን ለሌላ ሰው ያስረክባል፤ አርቢው በወተቱና በፍጉ ይጠቀማል፤ ከብቱ ግን የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል። ከብቱን በጋራ ገንዘብ መያዝ ደግሞ ኮታ ይባላል። ፍጉ እንደ ትርፍ ነገር የሚታይ አይደለም። በቤቱ ዙሪያ ያለው ዳርኮአ የሚባለው የጓሮ እርሻ እንሰትን የሚያበቅለው በከብት ፍግ ነው፤ እንሰትም ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ከብት የሌለው ቤት እንሰቱ ይከሳል።

ስለዚህ ለሕፃን ጊደር ተሰጠ ሲባል፣ የሀራ ናት ወይስ የሕፃኑ የገዛ ሀብት ናት? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሀራ ከሆነች የክርስትና አባቱ ጌታ ነው፤ የልጁ አባትም አርቢ ነው። የሕፃኑ ከሆነች ግን ጥጃዋም የእርሱ ነው። ሁለቱም በአንድ በረት ቢታሰሩ፣ በወተት ቢመሳሰሉ፣ በሕግ ፊት የተለያዩ ናቸው። ስጦታው በምስክር ፊት በግልጽ እንዲነገር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

የአገሩም ጠባይ ሊታሰብ ይገባዋል። በሁምቦ ቆላ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ስላለ፣ ለደገኛ የምትበጅ ጊደር ለቆለኛ ኪሣራ ልትሆን ትችላለች። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት አማካይነት ገበሬዎች በሰፈሩበት በአበላ ቆላ ጥጥና በቆሎ ይመረታሉ። በእንዲህ ያለው ስፍራ ፍየል ወይም በልጁ ስም የሚቀመጥ ገንዘብ ከጊደር ይልቅ አስተዋይ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

በሃይማኖት በኩልም ለውጥ መጥቶአል። የሱዳን ኢንቲርየር ሚሲዮን በ1920 ዓ.ም. ሶዶ ገብቶ፣ በ1926 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን 10 የወላይታ ምእመናን አጠመቀ። ሚሲዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. በኢጣልያኖች ተገደው ሲወጡ የተጠመቁት 48 ያህል ነበሩ፤ በተመለሱ ጊዜ ግን በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ አማኞች አገኙ። ከዚህ የተወለደችው ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የምታጠምቀው አምኖ የመሰከረውን እንጂ ሕፃኑን አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ ከወላይታ ዞን ሕዝብ ከሦስት ሁለት እጅ የሚበልጠው ፕሮቴስታንት ነው። እንግዲህ በብዙ ቤት የክርስትና አባት የለም፤ ማተብም የለም። ኦርቶዶክሶችና ካቶሊኮች ግን ሕፃናትን ማጥመቃቸውን ቀጥለዋል። ከአንድ ጎሣ የተወለዱ ወንድማማቾች በአጠማመቅ ቢለያዩም፣ ልጅ በተወለደበት ቤት ባዶ እጅን አለመግባት የሁሉም ልማድ ነው። በወላይትኛ ጃላ ማለት ወዳጅ ነው፤ ወዳጅም ደስታን ሲሰማ መጥቶ ይካፈላል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍርድ የሚከተለው ነው። ተስማሚ ስጦታ ሰጪው ሳይበደር የሚሰጠው፣ በአገሩ ምድር ሊኖር የሚችልና በምስክር ፊት የሕፃኑ መሆኑ የታወቀ ነው። ወላጆቹ በየበዓሉ ሊመልሱት የማይችሉትን ታላቅ ነገር መስጠት፣ ሰጪውን ቢያስመሰግንም አበልጁን ያሳፍራል። ድኻ የሆነ የክርስትና አባት ነጠላ ሰጥቶ፣ በየጊዜው ልጁን ቢጠይቅና ቢመክር፣ አበልጅነቱ ሙሉ ነው።

የአገራችን የታሪክ ጥናት ስለ ነገሥታት ጥምቀት ብዙ ጽፎአል፤ ስለ ገባሩ ልጅ ጥምቀት ግን ጥቂት ነው። ወላይትኛ የሚያውቁ ተማሪዎች በሶዶ ዙሪያና በሁምቦ ካሉ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደው፣ ማን ማንን ክርስትና እንዳነሣ፣ ምን እንደ ተሰጠና ስጦታውም በኋላ የማን ሆኖ እንደ ቀረ ቢመዘግቡ፣ ከግብር መዝገብ የማይገኘውን የጌታና የገባር ግንኙነት ታሪክ ለመጻፍ ይረዳል። የገባርነትን ዘመን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ጥቂቶች ስለ ሆኑ፣ ሥራው ሊዘገይ አይገባውም።