ዜና መቃብር ዘሐይቅ ወአምባሰል

በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ መምህር ሆነው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈሩ፤ ሲያርፉም በዚያው በገዳማቸው ተቀበሩ።

ከዚህም በኋላ፣ ከ1460 እስከ 1471 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ በእደ ማርያም የአትሮንሰ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ የቀደሙ ነገሥታትንም አፅም አስፈልሶ በዚያ አሳረፈ። የገበሬው አፅም ግን ከገባበት ንቅንቅ አላለም፤ በሰሌን ተጠቅልሎ በቅጽሩ ዳር አፈር ለበሰ።

ባሕር ማዶም የጌታና የተራ ሰው መቃብር እንዲሁ ይለያያል። በፔሩ፣ ሲፓን በተባለ ስፍራ፣ በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የሞቼ ሕዝብ ጌታ መቃብር ወርቅና ብር ሞልቶት፣ አብረውት የተቀበሩ ሰዎችም ተገኝተውበታል። የእኛ ነገሥታት ሲቀበሩ ሰው አላስከተሉም። የንጉሥ ወንድሞችን ግን ሳይሞቱ ግሸን አምባ ላይ በእስር አኖርናቸው፤ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ያ አምባ ዙሪያው ገደል ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ዐፄ ናዖድም ከዚያ ወርደው ነገሡ፤ ዕጣው ያልወጣላቸው እዚያው አርጅተው እዚያው ሞቱ። በ1513 ዓ.ም. ገደማ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚያ ሲያልፍ፣ ጠባቂዎቹ እርሱንና ባልንጀሮቹን በድንጋይ አባረሯቸው።

በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር አትሮንሰ ማርያምን አቃጠለ። ወደ ሐይቅም በመጣ ጊዜ መነኮሳቱ ሀብታቸውን አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑን ከእሳት አዳኑ። ግሸንም በ1532 ዓ.ም. ገደማ ተያዘች።

ሐይቅም ግሸንም ያሉበት የወሎ ሰው ግን ለሞት የራሱን ሥርዓት አበጀ፤ ስሙም ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት ቅሬው ይጠራል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይወጣል፤ የሀብታሙም የድሃውም ጉድጓድ በጎረቤት ዶማ ይቆፈራል። እስላሙ በነጭ ከፈን ይሸኛል፤ ባለ ብዙ በሬው ከዚያ የተለየ ልብስ የለውም። የክርስቲያኑ ብልጫ የሚታየው በአርባው ቀን ነው፤ የአንዱ ተዝካር በድንኳን ሲበላ፣ የሌላው ቤት በሬ ሸጦ ዕዳ ይገባል። ቅሬ ጉድጓዱን እኩል አደረገ እንጂ ድግሱን አልቻለውም።

ግሸን የተቀበረ ምሕረት ያገኛል ይባላልና፣ ዛሬ ሰው የዘመዱን አፅም ከሩቅ አገር አውጥቶ ወደ አምባው ያመጣል። የነገሥታት የነበረው ፍልሰተ አፅም እነሆ ለገበሬ ደረሰ፤ የመንገድ ስንቅ ላለው ገበሬ ማለቴ ነው። የግሸን ማርያም በዓል የሚከበርበት መስከረም 21 ሲቃረብ፣ ታጥቦ በነጠላ የተቋጠረ አፅም ያዘለ ሰው፣ ወገቡን ይዞ፣ በየመታጠፊያው እያረፈ ዳገቱን ይወጣል። ቋጠሮው ቀላል ነው፤ ዳገቱ ነው የሚከብደው። በሩ ላይ ሲደርስም በድንጋይ የሚያባርረው የለም።