የቬኒስ ፍራሽ

የጥንት ተሳላሚዎች ከቆዩ ባልንጀሮቻቸው ጋር ወደ ቅድስት አገር ሲነሡ፣ ከባሕሩ አስቀድሞ የቬኒስ ገበያ ይጠብቃቸው ነበር። የእንግሊዙ ኢተን ኮሌጅ ባልደረባ የነበሩት ቄስ ዊሊያም ዌይ በ1458 እና በ1462 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፣ ለኋለኞች የተዉት ምክር የባለሙያ እመቤት ትእዛዝ ይመስላል። ከመርከቡ አለቃ ጋር በከተማይቱ ሹማምንት ፊት ውል ይደረግ፤ መኝታ በላይኛው ወለል ይያዝ፣ የታችኛው ይሞቃል፣ ይከረፋልና፤ ወይንና ውኃ በበርሜል፣ ቁልፍ ያለው ሣጥን፣ ስድስት ዶሮ ከነጎጆው፣ ለዶሮዎቹም እህል ይያዝ ይላሉ። ፍራሽ ከነትራሱና ከነአንሶላው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በ3 ዱካት ይገዛል።

በገንዘብ የማይሰናዳውን ደግሞ በ1480 እና በ1483 የተጓዙት የኡልሙ መነኩሴ ፊሊክስ ፋብሪ ጽፈውታል። መኝታው ጎን ለጎን ተጣብቆ ስለሚነጠፍ በየምሽቱ ጠብ ይነሣል፤ ቍጡዎቹ መብራቱን ለማጥፋት የሽንት ዕቃቸውን ሲወረውሩበት አይተዋል። በአገራቸው በሰላም የኖሩ ወዳጆችም ከዚህ ፈተና ማምለጣቸውን እጠራጠራለሁ። ቄስ ዌይስ ቢሆኑ፣ ያፋ ሲደርሱ ከሌላው ቀድሞ መልካሙን አህያ መያዝ ይገባል አላሉምን? የመልካሙም የክፉውም ኪራይ አንድ ነውና።

ያ ፍራሽ ቢቀደድም ቢያረጅም፣ ሻጩ በመልስ ጉዞ በ1 ዱካት ተኩል ይቀበለው ነበር። በመንገድ የሞቱት ጥቂቶች አልነበሩምና፣ አንዳንዱን ፍራሽ ወደ ሱቁ ተሸክሞ የመለሰው ባልንጀራ ሳይሆን አይቀርም።