ቀብድና ቀሪ

አባቴ ካረፉ በኋላ ከንብረታቸው ለእኔ የደረሰኝ አንድ ጥቁር ሽፋን ያለው መዝገብ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አራዳ አካባቢ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የደንበኛው ስም፣ የትከሻው፣ የደረቱ፣ የወገቡና የእግሩ ልክ በተርታ ተጽፏል። ከግርጌው ሁለት ቃላት አሉ፤ «ቀብድ» እና «ቀሪ»። ቀሪው ሲከፈል በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። ሳይሰረዙ የቀሩት ገጾች ግን ጥቂት አይደሉም።

ሐኪም በመሆኔ መዝገቡን መጀመሪያ ያነበብኩት እንደ ሕሙማን ካርድ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ወገቡ እያደር የጠበበ ሰው አገኘሁ፤ ምን ታሞ ይሆን እያልኩ ብዙ አሰብኩ። ስለ ገንዘቡ ግን አላሰብኩም ነበር። መዝገቡን እንደ ሒሳብ ያነበብኩት የእህቴ ልጅ እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ ግዛት በልክ የሚሰፋ የሐበሻ ልብስ ቤት ለመክፈት አስባ ገንዘብ እንዳበድራት በጠየቀችኝ ጊዜ ነው። «ጋሼ፣ ሙያው እንደሆነ በእጄ ነው» አለችኝ። የአያቷም ሙያ በእጃቸው ነበር። ታዲያ ከሠላሳ ዓመት ሥራ በኋላ ያልተከፈለ ዕዳ እንጂ ጥሪት ትተው ያላለፉት ስለ ምን ነው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከመዝገቡ ትንሽ ራቅ ብሎ መነሣት ያስፈልጋል።

በአገራችን የቆየ ልማድ ጥጡን ዳምጣ፣ ባዝታና ፈትላ የምታዘጋጀው የቤቱ እመቤት ነበረች። ሸማኔው ፈትሉን ተረክቦ ድርና ማግ አድርጎ ይሠራና ጋቢውን ወይም ነጠላውን አስረክቦ የእጁን ዋጋ ይቀበላል። ጥሬ ዕቃው የባለቤቱ ስለ ነበረ ሸማኔው በገንዘብ ረገድ የሚደርስበት ኪሳራ ትንሽ ነበር፤ የራሱ የሆነው መሣሪያውና ጊዜው ብቻ ነው። ነገር ግን ያ ጊዜ ዋጋ ያለው ነገር ተደርጎ አይታይም ነበር። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ» እያሉ መስደብ የተለመደ ነበርና። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ይመሰክራል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ንቀቱን ከልብ አላወጣውም። ከጋሞ ደጋ መጥተው በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ የሰፈሩት የዶርዜ ሸማኔዎች ከተማዋን በጥበብ ሲያለብሱ ኖረዋል፤ ለእነርሱ የተሰጠው ክብር ግን ለሸማቸው ከተሰጠው ያነሰ ነበር።

የስፌት መኪና ታሪክ ደግሞ ከሌላ ማዕዘን የሚመጣ ነው። ኤልያስ ሀው በእ.ኤ.አ. 1846፣ አይዛክ ሲንጀር በ1851 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት አወጡ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ አንድ የመኪና አምራች ባሳተመው ንጽጽር መሠረት በእጅ 14 ሰዓት ከ26 ደቂቃ የሚፈጀው የወንድ ሸሚዝ በመኪና 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ብቻ ይፈጅ ነበር። አምራቹ ዕቃውን ለመሸጥ ያወጣው ቁጥር መሆኑን ባንዘነጋም ለውጡ እጅግ ከፍተኛ ነበር። ዋጋው ግን ለተራ ቤተሰብ አይቀመስም። ስለዚህ የሲንጀር ሸሪክ ኤድዋርድ ክላርክ በ1856 ጥቂት ቀብድ ተቀብሎ ቀሪውን በየወሩ የማስከፈልን ዘዴ አስገባ። ያለ ገንዘብ ሥራ መጀመር ተቻለ፤ ሰፊው ግን የመጀመሪያውን ሸሚዝ ከመስፋቱ በፊት ባለዕዳ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። መኪናው ያሳጠረው የስፌቱን ሰዓት ብቻ ነው። ልክ መውሰድን፣ ጨርቅ መቁረጥን፣ በጊዜያዊ ክር አያይዞ ማስለካትን፣ ፈትቶ ማስተካከልን አላሳጠረም። ከመኪናው ሙሉ ጥቅም ያገኘው አንድን ልክ ሺህ ጊዜ የሚደግመው ፋብሪካ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ለወታደሮች የደንብ ልብስ ሲባል የተሰበሰበው ልክ በኋላ ለወንዶች ዝግጁ ልብስ መደበኛ ቁጥሮች መነሻ ሆነ። በልክ የሚሰፋው ባለሙያ የያዘው መኪና ያው የፋብሪካው መኪና ነበር፤ ሥራው ግን በእያንዳንዱ ሰው ገላ ላይ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የምድር ባቡር በእ.ኤ.አ. 1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጨርቅ በረከተ። ከአርመኖችና ከሕንዶች ባለሙያዎች ጎን ኢትዮጵያውያን ልብስ ሰፊዎችም መኪናቸውን ይዘው በጨርቅ ሱቆች በረንዳ ላይ ተቀመጡ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን መርካቶ ሲቋቋምም ይኸው ልማድ ቀጠለ። ደንበኛው ከሱቁ ጨርቁን ገዝቶ በረንዳው ላይ ላለው ሰፊ ይሰጣል። ጨርቁ እንደ ጥንቱ ፈትል የደንበኛው ነው፤ ነገር ግን መቀስ በስሕተት ካረፈበት የሚተካው ሰፊው ነው። ትርፉ በእጅ ዋጋ ተወስኖ፣ ኪሳራው የጨርቁን ሙሉ ዋጋ ያክላል።

ሌላው ፈተና የዘመን አቆጣጠራችን ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የደንበኛው ፍርድ ነው፤ አንድ ቀን የዘገየ ልብስ ዋጋ የለውም። በጥር ሠርግና ጥምቀት ይደራረባሉ፤ አባቴ በዚያ ወር ሌሊቱን ካውያ ሲያሞቁ ያድሩ ነበር። ከዚያ 55 ቀን የሚፈጀው ዐቢይ ጾም ይገባና ሠርግ ይቆማል፤ የቤት ኪራይ ግን አይጾምም። በጥር የተገኘው ገንዘብ የጾሙን ወራት መሻገሪያ መሆኑን ያልተረዳ ሰፊ ለፋሲካ ክር የሚገዛበት ያጣል። በመዝገቡ ውስጥ አባቴ በየካቲትና በመጋቢት የተበደሩት የዕቁብ ብር በየዓመቱ ተጽፎ ይገኛል።

በደርግ ዘመን የካኪ ልብስ ተፈላጊ ስለ ሆነ ለጥቂት ዓመታት ሥራ አልጠፋም። ቀጥሎ ሰልባጅ ገበያውን ሞላው። ሰው አንድ ኮት ለማሰፋት ከሚከፍለው ባነሰ ብር ከውጭ የመጣ ልባሽ ኮት መግዛት ሲችል፣ ለአባቴ የቀራቸው ሥራ የሰልባጁን እጅጌ ማሳጠር ነበር። ከዚያ ወዲያ የመዝገቡ ገጾች ልክ ያዘሉ አይደሉም፤ «ማሳጠር»፣ «ማጥበብ»፣ «ዚፕ መቀየር» የሚሉ ናቸው።

አሁን ኀፍረቴን ልናገር። በባሕር ማዶ ሕክምና ስማር ጓደኞቼ የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ «ነጋዴ ናቸው» ነበር የምለው። የምኒልክ አዋጅ ከወጣ ሰማንያ ዓመት ያህል አልፎት ነበር። የናቁትን ሰው ሰዓት ማንም አይቆጥርለትም፤ የከፋው ግን እርሱም ራሱ አለመቁጠሩ ነው። አባቴ ሴንቲ ሜትሩን ሳይቀር ጽፈዋል፤ በአንድ ሱሪ ላይ ስንት ሰዓት እንዳጎነበሱ የጻፉበት አንድም ገጽ የለም። ዋጋ የሚቆርጡት ጎረቤታቸው የሚያስከፍለውን አይተው ነበር። ጎረቤታቸውም የእርሳቸውን እያየ ይቆርጥ እንደ ነበር አልጠራጠርም።

ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ሒሳቡን ሠራነው። አንድ የሠርግ ቀሚስ በ400 ዶላር ልትሸጥ አስባለች። ሸማውና ጥበቡ 170፣ ማስመጫው 40 ዶላር ይፈጃል፤ የሚቀራት 190 ነው። ከዚህ በፊት ለዘመድ የሰፋችውን አንድ ቀሚስ ከልክ መውሰድ እስከ ማስረከብ ስታሰላው 26 ሰዓት ሆነ። ይህም በሰዓት ከ7 ዶላር ከ31 ሳንቲም አይበልጥም፤ ኪራይና መብራት ገና አልተነካም። በሜሪላንድ ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ በሕግ የተደነገገው ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 15 ዶላር ነው። የልጅቱ ፊት ተለወጠ። «እንግዲያው ሌላ ቤት ተቀጥሬ ብሠራ ይሻለኛል ማለት ነው» አለችኝ።

ላጽናናት አልፈለግሁም፤ ሒሳቡ እውነት ነበርና። ሙሽራ እስከ ሠርጓ ቀን ልኳ እንደሚለዋወጥ፣ ከሽሮ ሜዳ የታዘዘ ሸማ እንደሚዘገይ፣ ጥበብ አስመስሎ በፋብሪካ የታተመ ርካሽ ጨርቅ ገበያ ውስጥ መኖሩን አክዬ ነገርኳት። በርካሽነት ከፋብሪካ ጋር መወዳደር እንደማትችልም እንዲሁ። የምትሸጠው ጨርቅ ሳይሆን ልክ ነው፤ ፋብሪካው የማይሰጠው ያንን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዋጋ ሊቆረጥለት የሚገባው ያ ነው።

ገንዘቡን ሦስት ነገር አስገብቼ አበደርኳት። አንደኛ፣ የዋጋው ግማሽ ቀብድ ሳይገባ መቀስ ጨርቅ እንዳይነካ። ሁለተኛ፣ ከሁለት ማስለካት በላይ የሚጠይቅ ደንበኛ ለተጨማሪው እንዲከፍል፤ ይህም አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲነገረው። ሦስተኛ፣ ከ«ቀብድ» እና ከ«ቀሪ» ቀጥሎ «ሰዓት» የሚል ሦስተኛ ዓምድ በመዝገቧ ውስጥ እንዲኖር፤ የጾሙ ወራት ኪራይም ከጥር ገቢ ተነሥቶ ለብቻው እንዲቀመጥ።

ሥራ ከጀመረች ስምንት ወር ሆኗታል። የመጀመሪያው ቀሚስ ሠላሳ አንድ ሰዓት ፈጀ። ዋጋውን ወደ 700 ዶላር ስታደርገው ከያዘቻቸው አምስት ደንበኞች ሁለቱ ተቆጥተው ሄዱ፤ ሦስቱ ቀሩ። ከሦስቱ አንዷ ቀሚሷን በለበሰች ዕለት ቀሪውን ሳትጠየቅ ከፈለች። ቤቱ ይዘልቅ እንደሆነ አላውቅም፤ ዐቢይ ጾምን ገና አልተሻገረችም። ሆኖም ባለፈው ሳምንት መዝገቧን አሳይታኝ ነበር። በሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ባዶ የቀረ መስመር አላየሁም።